ድንበር የማያውቅ መርዝና የመንግሥታት ስምምነት

ጥንት ሰው የሚያውቀው መርዝ የሚጐዳው የጠጣውን ወይም የተወጋበትን ብቻ ነበር። የቀስት መርዝ ከቀስቱ ርቆ አይሄድም፤ የእባብ መርዝ ከእባቡ አያልፍም፤ የብርብራ ፍሬም ቢሆን ተወቅጦ በወንዝ ውስጥ ሲበተን ዓሣውን ያሰክራል እንጂ ውሃው በወረደ ጊዜ ኀይሉ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ የቀድሞ ሰዎች ስለ መርዝ ያወጡት ሕግ በአንድ ሰውና በሌላ ሰው መካከል የሚዳኝ ሕግ ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ የመርዝ ዐይነት ተወለደ። ይህ መርዝ በፋብሪካ የተቀመመ ነው፤ በቶሎ አይገድልም፤ በቶሎም አይጠፋም፤ ከተረጨበት አገር ተነሥቶ ባሕርና ተራራ ተሻግሮ፥ ስሙን እንኳ ሰምቶ በማያውቅ ሕዝብ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። አንድ መንግሥት ብቻውን በሚያወጣው ሕግ ሊያዝ የማይችል ስለ ሆነም የዓለም መንግሥታት በአንድነት እንዲመዝኑትና እንዲቈጣጠሩት ግድ ሆነባቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ስምምነት እንዴት እንደ ተወለደ፥ በምን መሠረት ላይ እንደ ቆመ፥ ለአገራችንም ምን እንዳመጣ መግለጽ ነው። ዓ.ም. ተብሎ ካልተለየ በቀር እዚህ የተጻፈው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

የነገሩ መነሻ ክፋት አልነበረም። ዲ.ዲ.ቲ. የተባለውን ንጥረ ነገር በ1874 ኦትማር ሳይድለር የተባለ የኬሚስትሪ ተማሪ በስትራስቡርግ ቀምሞት ነበር፤ ነገር ግን ለምን እንደሚጠቅም ስላልታወቀ በመጽሐፍ ተጽፎ ብቻ 65 ዓመት ቈየ። በ1939 ፓውል ሙለር የተባለው የስዊስ ሊቅ፥ በባዝል ከተማ በጋይጊ ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ፥ ይኸው ነጭ ዱቄት ነፍሳትን የሚገድል፥ ገድሎም ለብዙ ጊዜ ኀይሉን የማያጣ መሆኑን አገኘ። ይህ ግኝት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጋራ ስለ ገጠመ ዝናው ፈጥኖ ወጣ። በ1943 መጨረሻና በ1944 መጀመሪያ በኢጣልያ በናፖሊ ከተማ በቅማል የሚተላለፈው የተስቦ በሽታ ተነሥቶ ሳለ፥ ከ1 ሚሊዮን በሚበልጥ ሕዝብ ልብስና አካል ላይ የነፍሳት መግደያ ዱቄት ተነፋ፤ ወረርሽኙም በብርዱ ወራት መካከል ቆመ። ሙለር በ1948 የኖቤልን የሕክምና ሽልማት ተቀበለ። እርሱ ራሱ ሐኪም አልነበረም፤ የሸለሙት ሰዎችም በዚያን ጊዜ ያዩት የዳነውን ሰው ብቻ ስለ ሆነ በዚህ ሊነቀፉ አይገባም።

ለኢትዮጵያም ይህ ዱቄት የመጣው በመከራ ጊዜ ነው። በ1958፥ ማለት በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በ1951 ዓ.ም. መግቢያ፥ የወባ በሽታ ከቈላው ወጥቶ፥ ሕዝቡ ንዳድ አይደርስብንም ብሎ በሚኖርበት ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባለው ወይና ደጋ ላይ ተዛመተ። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመ፥ ከዚሁም ውስጥ 150,000 ያህሉ እንደ ሞተ ተገምቷል። መከሩን የሚሰበስብ ሰው የታጣበት ቀበሌ ብዙ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በ1959 የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ፤ ረጪዎቹም መርጫቸውን ተሸክመው ከጐጆ ወደ ጐጆ እየዞሩ ግድግዳውን በዲ.ዲ.ቲ. ይረጩ ጀመር። የዓለም የጤና ድርጅት በ1955 ወባን ከምድር ላይ ለማጥፋት ያወጀው ዘመቻ ክፍል ነበር። ዛሬ ስለ ዲ.ዲ.ቲ. ክፋት የሚጽፍ ሰው ይህን ገጽ ገልብጦ ሊያልፈው አይገባም፤ ይህ ዱቄት ያተረፋቸው ልጆች አድገው አያት ሆነዋልና።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ለመናገር እፈልጋለሁ። ገበሬያችን ለተባይ የሚረጨውን ሁሉ «መድኃኒት» ይለዋል። ፈረንጅ በበርሜሉ ላይ የራስ ቅልና የተመሳቀለ አጥንት ሥሎ የላከውን ዕቃ እኛ በመድኃኒት ስም ተቀበልነው። እርግጥ በአማርኛ «መድኃኒት አቀመሱት» ሲባል ገደሉት ማለት መሆኑን ማንም ያውቃል፤ ቋንቋው ሁለቱንም ወገን ይዞ ነበር ማለት ነው። ይሁን እንጂ በየገጠሩ የፈሰሰው ባዶ ጣሳና ጀሪካን ለውሃ መቅጃ፥ ለዘይት ማስቀመጫ ሲውል የታየው ይህ የመልካም ስም ስላዘናጋን ጭምር ይመስለኛል።

የእነዚህ ንጥረ ነገሮች ጠባይ በሦስት ቃል ይጠቀለላል። አይፈርሱም፤ በውሃ ሳይሆን በስብ ይሟሟሉ፤ ሙቀት ሲነካቸውም በጥቂት በጥቂቱ ይተንናሉ። በስብ የሚሟሟ ነገር ወደ እንስሳ አካል ከገባ በኋላ በሽንት አይወጣም፤ በጮማው ውስጥ ይከማቻል እንጂ። በውሃ ውስጥ ያለው ረቂቅ ሕዋስ ጥቂት ይይዛል፤ ትንሹ ዓሣ ያንን ሺህ ጊዜ ይበላል፤ ትልቁ ዓሣ ትንሹን፥ አሞራው ትልቁን ይበላል። እንዲህ እያለ ከታች በኢምንት የተጀመረው ከላይ በብዙ ይገኛል። ከሁሉ በላይ ያለው በላተኛ ሰው ነው፤ ከሰውም በላይ አንድ ደረጃ አለ፤ እርሱም የእናቱን ወተት የሚጠባ ሕፃን ነው።

ይህን ነገር ለሕዝብ በግልጽ ያስረዳችው አሜሪካዊቷ የሥነ ሕይወት ሊቅ ሬቸል ካርሰን ናት። በ1962 «ጸጥ ያለው ጸደይ» በሚል ስም ባሳተመችው መጽሐፍ፥ የፀረ ተባይ ኬሚካሎች ወፉንና ዓሣውን እንዴት እንደሚፈጁ አመለከተች፤ የኬሚካል ኩባንያዎችም ብዙ ዘመቱባት። በእኔ አስተያየት ግን ለዓለም አቀፉ ስምምነት መሠረት የጣለው ከመጽሐፉ ይልቅ በስዊድን አገር የተደረገው ጸጥተኛ ሥራ ነው። ሶረን የንሰን የተባለው ኬሚስት በ1960ዎቹ ዓመታት ዲ.ዲ.ቲ.ን ከእንስሳት አካል ውስጥ እየፈለገ ሲመዝን፥ በመሣሪያው ላይ ዲ.ዲ.ቲ. ያልሆነ፥ ምንነቱ ያልታወቀ ሌላ ምልክት ደጋግሞ ይወጣበት ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን የመሣሪያው ስሕተት ነው ብሎ ባለፈው ነበር። እርሱ ግን በቤተ መዘክር ውስጥ ተቀምጦ የነበረውን የድሮ የንስር ላባ እያወጣ መረመረ፤ ምልክቱም ዲ.ዲ.ቲ. በስፋት ከመረጨቱ በፊት በተሰበሰበ ላባ ላይ ተገኘ። ስለዚህ ነገሩ ከእርሻ የመጣ አልነበረም። በመጨረሻ በ1966 ምንነቱን አስታወቀ፤ ፒ.ሲ.ቢ. የተባለው፥ ከ1929 ጀምሮ በፋብሪካ እየተሠራ በኤሌክትሪክ ትራንስፎርመር ዘይትና በቀለም ውስጥ የሚገባው ንጥረ ነገር ነበር። ሊቁ የራሱን፥ የሚስቱንና የሕፃን ልጁን ጠጕር ቢመረምር በሦስቱም ላይ አገኘው። ሕፃኗ ዓሣ አልበላችም፤ የጠጣችው የእናቷን ወተት ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልለፈው። በ1968 በጃፓን ፒ.ሲ.ቢ. የገባበት የሩዝ ዘይት ብዙ ቤተ ሰብ አሳመመ፤ በ1972 በስቶክሆልም የተባበሩት መንግሥታት ስለ ሰው ልጅ አካባቢ የመጀመሪያውን ታላቅ ጉባኤ አደረጉ፤ በዚያው ዓመት አሜሪካ ዲ.ዲ.ቲ.ን ከእርሻ ከለከለች፤ ሌሎችም የበለጸጉ አገሮች ተከተሏት። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው ነገሩ ያለቀ መስሎት ነበር። የከለከለ መንግሥት ግን የከለከለው በራሱ ድንበር ውስጥ ነው፤ መርዙ ደግሞ ድንበር አያውቅም።

አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ያስተውለዋል። ድፍድፉ በማሰሮ ሆኖ ከእሳት ላይ ሲጣድ እንፋሎቱ በመቃው በኩል ይወጣል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ወደ ተነከረው ዕቃ ሲደርስ ግን ተመልሶ ጠብታ ይሆናል። ምድርም እንደዚሁ ናት። በሞቃቱ አገር የተረጨው ኬሚካል በፀሐይ ይተንናል፤ በነፋስ ይጓዛል፤ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ይወርዳል፤ ሙቀት ሲመለስ እንደ ገና ይነሣል፤ እንዲህ እየዘለለ ሲሄድ በመጨረሻ የሚያርፈው ከዚያ ወዲያ ሊተን በማይችልበት በሰሜን ዋልታ ብርድ ውስጥ ነው። በዚያ ደግሞ ኢኑዊት የተባለው ሕዝብ እርሻ ስለሌለው የሚኖረው በአቆስጣና በዓሣ ነባሪ ሥጋና ጮማ ነው።

በ1980ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ኤሪክ ደዋዪ የተባለው የኬቤክ ሐኪም፥ በካናዳ ከተሞች አጠገብ የሚኖሩትን እናቶች ወተት የሚያነጻጽርበት ንጹሕ ወተት ፈለገ። ፋብሪካም እርሻም ወደሌለበት ወደ ሰሜኑ ጫፍ ሄዶ ከኢኑዊት እናቶች ወተት ተቀበለ። ንጹሕ ነው ተብሎ የተመረጠው ወተት በተመረመረ ጊዜ ግን ከደቡቦቹ እናቶች ወተት አምስት ጊዜ ያህል የሚበልጥ ፒ.ሲ.ቢ. ተገኘበት። ከዚህ መርዝ አንድ ጠብታ እንኳ ያልሠራ፥ ያልሸጠ፥ ያልገዛ ሕዝብ ከሁሉ ይልቅ ተሸካሚ ሆኖ ተገኘ። አንድ መንግሥት «በአገሬ ከልክያለሁ» ብሎ ሊመልሰው የማይችል ጥያቄ የተነሣው በዚህ ነው።

መርዙ ድንበር የሚሻገርበት ሌላም መንገድ ነበረ፤ ይኸውም በነጋዴ ውል ነው። በ1976 በኢጣልያ በሴቬዞ አጠገብ ከፋብሪካ ዳዮክሲን የተባለው መርዝ አምልጦ ምድሩን በከለው። ከጽዳቱ የቀረውን ዝቃጭ የያዙ 41 በርሜሎች በ1982 ከኢጣልያ ወጥተው የደረሱበት ጠፋ፤ በ1983 በሰሜን ፈረንሳይ በአንድ የተተወ የከብት ማረጃ ቤት ውስጥ ተገኙ። አውሮፓ በዚህ ተደናግጣ ሕጓን ስታጠብቅ ዝቃጩ ደግሞ ወደ አፍሪካ መንገድ ያዘ። በ1988 በናይጄሪያ በኮኮ ወደብ፥ ከኢጣልያ የመጣ በብዙ ሺህ የሚቈጠር የመርዝ በርሜል በአንድ ሰው ግቢ ውስጥ ተከምሮ ተገኘ፤ የግቢው ባለቤት የተከፈለው ኪራይ በወር 100 ዶላር ያህል ነበር። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የሚኒስትሮች ምክር ቤት አዲስ አበባ ላይ ተሰብስቦ፥ የኑክሌርና የኢንዱስትሪ ዝቃጭን በአፍሪካ መጣል በአፍሪካና በሕዝቧ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው ሲል ወሰነ። በ1989 የባዝል ስምምነት ተፈረመ፤ ዙሪክና ጄኔቫ ሳይሆኑ ዲ.ዲ.ቲ. የተገኘባት ከተማ ባዝል የዚህ ስምምነት ስም መሆኗ ያጋጣሚ ነገር ነው፤ ለታሪክ ጸሓፊ ግን ልብ የሚያስብል ነው። የአፍሪካ መንግሥታት ስምምነቱ ንግዱን ፈቅዶ ሥርዐት አበጀለት እንጂ አልከለከለም ብለው ስላልረኩ፥ በ1991 በባማኮ አደገኛ ዝቃጭ ወደ አህጉሪቱ እንዳይገባ ጨርሶ የሚከለክል የራሳቸውን ስምምነት አደረጉ።

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በነፋስ ስለሚሄደው መርዝ የመንግሥታት ድርድር የተጀመረው በሰኔ 1998 በሞንትሪያል ነው። ከዚያም በናይሮቢ፥ በጄኔቫና በቦን ተሰብስበው፥ በታኅሣሥ 2000 በዮሐንስበርግ ፈጸሙ። ለውይይት የቀረቡት 12 ንጥረ ነገሮች ነበሩ፤ ሰባቱ እንደ አልድሪንና ዲልድሪን ያሉ የተባይ መግደያዎች፥ ስምንተኛው ዲ.ዲ.ቲ.፥ የቀሩትም ሄክሳክሎሮቤንዚን፥ ፒ.ሲ.ቢ. እና ሳይፈለጉ ከቃጠሎ የሚወለዱት ዳዮክሲንና ፉራን ናቸው፤ እነዚህ ሁለቱ እንደ አንድ ወገን የሚቈጠሩበት ጊዜም አለ። በናይሮቢው ስብሰባ የኢኑዊትን ሕዝብ ወክለው የመጡት ወይዘሮ ሺላ ዋት-ክሉቲዬ ከድንጋይ የተቀረጸ የእናትና የልጅ ምስል ለጉባኤው ሰጡ። ምስሉ በሊቀ መንበሩ በካናዳዊው በጆን ቡቺኒ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እስከ ድርድሩ ፍጻሜ ቈየ። በብዙ መቶ ገጽ ወረቀት መካከል ስለማን እንደሚነጋገሩ የሚያስታውሳቸው ያ ድንጋይ ነበር።

ነገር ግን የእናት ጉዳይ አንድ ወገን ብቻ አልነበረውም፤ ድርድሩንም ያከበደው ይኸው ነው። በአንድ ወገን ዲ.ዲ.ቲ. በተወሰነ ዓመት ከምድር ላይ ይጥፋ የሚሉ ማኅበሮች ነበሩ። በሌላው ወገን ብዙ የወባ ሐኪሞች፥ ርካሹ መከላከያ ቢነጠቅ የሚሞተው የድኻ አገር ልጅ ነው ሲሉ በፊርማቸው ተቃወሙ። የሰሜኗ እናት ስለ ወተቷ፥ የቈላዋ እናት ስለ ልጇ ንዳድ ትጮኻለች፤ ሁለቱም እውነት ይዘዋል። ጉባኤው ያደረገው ሽምግልና የሚያስመሰግን ነው። ዲ.ዲ.ቲ. ለእርሻ ፈጽሞ ተከለከለ፤ በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ለመከላከል ግን የዓለም የጤና ድርጅት በሚያዘው መሠረት በቤት ግድግዳ ላይ እንዲረጭ፥ የሚረጨውም መንግሥት ስሙን አስመዝግቦ ምን ያህል እንደ ተጠቀመ እንዲያስታውቅ ተፈቀደ። በገንዘብ በኩልም ብዙ ተከራከሩ። ድኾቹ አገሮች ለብቻው የቆመ አዲስ ገንዘብ ሣጥን ጠየቁ፤ ባለጸጎቹ አስቀድሞ በነበረው ዓለም አቀፍ የአካባቢ ገንዘብ ድርጅት በኩል ይሁን አሉ፤ የባለጸጎቹ አሳብ አሸነፈ።

ስምምነቱ በግንቦት 2001 በስቶክሆልም ተፈረመ። ሕግ ሆኖ እንዲጸና 50 መንግሥታት ማጽደቅ ነበረባቸው፤ ኢትዮጵያ በጥር 2003 አጽድቃ ከእነዚህ ከመጀመሪያዎቹ 50 አንዷ ሆነች፤ በግንቦት 17 ቀን 2004ም ስምምነቱ ጸና። ዛሬ ከ180 በላይ መንግሥታት አባል ሲሆኑ፥ የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ግን በ2001 ፈርመው እስካሁን አላጸደቁትም።

አንባቢን በተለይ እንዲያስተውል የምለምነው የስምምነቱን 16ኛ አንቀጽ ነው። ብዙ ዓለም አቀፍ ውል ተፈርሞ በመዝገብ ቤት ይቀመጣል፤ መፈጸም አለመፈጸሙ የሚታወቀው መንግሥታት ስለ ራሳቸው በሚጽፉት ራፖር ብቻ ነው። ራፖር የሚጽፍ ሰው ስለ ራሱ ምን እንደሚጽፍ ደግሞ በመሥሪያ ቤት የዋለ ሁሉ ያውቀዋል። ይህ ስምምነት ግን በራፖር ሳይወሰን፥ ውጤቱ በአየርና በሰው ሰውነት ውስጥ እንዲመዘን አዘዘ። ሕጉ የሠራ እንደ ሆነ መርዙ ከአየሩና ከእናት ወተት እየቀነሰ ይሄዳል፤ ካልሠራም ሚዛኑ ይመሰክራል።

የአየሩ መመዘኛ እጅግ ቀላል ዕቃ ነው። ሁለት የብረት ሳሕን እንደ ምጣድና አክንባሎ ትይዩ ሆነው ይገጠማሉ፤ በመካከላቸው እንደ ስፖንጅ ያለ ክብ አረፋ ይቀመጣል፤ ነፋስ በጐን እየገባ ሲወጣ የያዘውን መርዝ አረፋው ላይ ይተወዋል። ኤሌክትሪክም ሞተርም አይሻም። ከተወሰነ ሳምንት በኋላ አረፋው ተነሥቶ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። በአፍሪካ በልዩ ልዩ አገሮች፥ በኢትዮጵያም ጭምር፥ እንዲህ ያለው ዕቃ ተሰቅሎ አየሩ ተመዝኗል። የወተቱ ሥርዐት ደግሞ የዓለም የጤና ድርጅት ከ1987 ጀምሮ ሲያካሂደው ከቈየው ምርመራ የተወረሰ ነው። በአንድ አገር ቢያንስ 50 የመጀመሪያ ልጃቸውን የወለዱ ወጣት እናቶች በፈቃዳቸው ጥቂት ጥቂት ወተት ይሰጣሉ፤ የሁሉም እኩል ተለክቶ በአንድነት ይደባለቃል፤ ድብልቁም ጀርመን አገር ፍራይቡርግ ወደሚገኘው ላቦራቶሪ ተልኮ ይመረመራል። የአንዲትም እናት ስም ከውጤቱ ጋራ አይጻፍም። የተደባለቀው ወተት የአገሪቱ ምስክር ነው።

ምስክሩ የተናገረው ሁለት ነገር ነው። በጠቅላላው በዓለም ላይ የቀድሞዎቹ ንጥረ ነገሮች እየቀነሱ መሄዳቸው ታይቷል። ይሁን እንጂ የዲ.ዲ.ቲ. መጠን ሞቃታማ በሆኑና ወባ ባለባቸው አገሮች ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ ከኢትዮጵያ የተላከውም ወተት መጠኑ ከፍ ካለባቸው አንዱ ነበር። በ2013 የታተመ ሌላ ምርመራም በጅማ፥ በሰርቦና በአሰንዳቦ ከተሞች በእናቶችና በላሞች ወተት ውስጥ ዲ.ዲ.ቲ. መኖሩን አስታውቋል። (ይህን የሚያነቡ እናቶች እንዳይደነግጡ አንድ ቃል ልጨምር፤ የዓለም የጤና ድርጅት ይህን ሁሉ መዝኖ የእናት ጡት ለሕፃን ከማናቸውም ምግብ እንደሚበልጥ አጥብቆ ይናገራል።) ይህ መርዝ በወተቱ ውስጥ የተገኘው በግድግዳ ላይ ከሚረጨው ብቻ ነው ለማለት አይቻልም። ለወባ የመጣው ዱቄት ከመጋዘን እየወጣ በጫት እርሻና በእህል ጐተራ ላይ ሲበተን መታየቱ ከማንም የተሰወረ አይደለም።

ስለ መጋዘን ከተነሣ ዘንድ የአገራችን የታሪክ ክፍል ዋናው እዚህ ነው። ለአንበጣ፥ ለተምችና ለወባ መከላከያ ከ1960ዎቹ ወዲህ ከውጭ የመጣው ኬሚካል ሁልጊዜ በጊዜው አልደረሰም። አንበጣው ካለፈ በኋላ የደረሰ አለ፤ ከሚያስፈልገው በላይ በዕርዳታ ስም የተላከ አለ፤ ጽሑፉ በባዕድ ቋንቋ ስለ ሆነ ምን እንደ ሆነ ሳይታወቅ የቀረም አለ። ጊዜው ያለፈበት ሁሉ በየአውራጃው መጋዘን ተደርድሮ፥ በርሜሉ ዝጎ፥ ፈሳሹ ወደ መሬት እየወረደ ቈየ። እንደ እኔ የመዝገብ ሥራ የሚሠራ ሰው ይህን ሲሰማ ቅር የሚለው አንድ ነገር አለ። ዕቃው ገቢ ሲሆን ደረሰኝ ተቈርጦለታል፤ ወጪ ስላልሆነ ግን በየዓመቱ የንብረት ቈጠራ ላይ ሲጻፍ፥ ሲጻፍ ኖሯል፤ ቈጣሪውም በመርዝ ላይ ቆሞ ይቈጥር ነበር። በአገር ውስጥ ሊያቃጥለው የሚችል ምድጃ አልነበረም። በተራ እሳት ቢቃጠል ዳዮክሲን ይወልዳል፤ ቢቀበር ውሃ ያገኘዋል። በመጨረሻ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በመራው፥ የውጭ መንግሥታትም ገንዘብ ባዋጡበት ሥራ፥ ከ2000 ወዲህ ባሉት ጥቂት ዓመታት ወደ 1,500 ቶን ገደማ ተለቅሞ፥ በአዲስ ዕቃ ተጠቅልሎ፥ በመርከብ ወደ ፊንላንድ ተልኮ እዚያ በከፍተኛ ሙቀት ተቃጠለ። በ2005 የአፍሪካን የመርዝ ክምችት ለማጽዳት የተጀመረው ታላቅ ፕሮግራምም ኢትዮጵያን ከመጀመሪያዎቹ አገሮች መካከል አስገባት።

ሚዛኑ በሰው እጅ መሆኑ ምን እንደሚያስከትል ደግሞ በ2008 ቡናችን አስተምሮናል። ጃፓን ከኢትዮጵያ በሄደ ቡና ላይ ከፈቀደችው መጠን የሚያልፍ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘሁ ብላ ምርመራዋን አጠበቀች፤ ወደዚያች አገር የሚላከው ቡናም እጅግ ቀነሰ። ቡናው በአብዛኛው ኬሚካል ከማያውቀው ገበሬ ጓሮ የተለቀመ ነው፤ ብዙ ከተመረመረም በኋላ የተጠረጠረው ፍሬው ሳይሆን የተያዘበት ጆንያ ነበር። ገበሬው ያልረጨው መርዝ ተገኝቶበታል ሲባል የሚከራከርበት የራሱ የሆነ የምርመራ ወረቀት በእጁ አልነበረም።

የስምምነቶቹ ብዛት ራሱ ሌላ ችግር አመጣ። የባዝሉ ስለ ዝቃጭ ነው፤ በ1998 የተፈረመው የሮተርዳሙ፥ አደገኛ ኬሚካል የሚልክ አገር አስቀድሞ ለተቀባዩ አስታውቆ ፈቃዱን እንዲጠይቅ ያዛል፤ የስቶክሆልሙ ስለማይጠፉት መርዞች ነው። እያንዳንዱ የራሱ ጽሕፈት ቤት፥ የራሱ ጉባኤ፥ የራሱ ራፖር ነበረው። አንዱ በርሜል ሲገዛ በሮተርዳም፥ ሲረጭ በስቶክሆልም፥ ሲበላሽ በባዝል ይዳኛል፤ በትንሽ አገር ያለው አንድ ሹም ግን ሦስቱንም ይመልሳል። በየካቲት 2010 የሦስቱ ጉባኤዎች በባሊ በአንድነት ተቀምጠው አገልግሎታቸውንና ሹመታቸውን አንድ ለማድረግ ወሰኑ። የስቶክሆልሙ ሠንጠረዥም በየጊዜው እየሰፋ፥ በ2009 ሊንዴንን፥ በ2011 በጥጥ እርሻ የታወቀውን ኤንዶሰልፋንን ጨምሮ፥ ዛሬ ከ30 በላይ ሆኗል። አንዱ ከመጨመሩ በፊት ከልዩ ልዩ አገሮች የተመረጡ ሊቃውንት ኮሚቴ አይፈርስምን? ይከማቻልን? ርቆ ይሄዳልን? እያለ ይመረምረዋል፤ መልሱም ከሚዛን ይወጣል እንጂ ከንግግር አይወጣም።

በአገራችን ለወባ ይረጭ የነበረው ዲ.ዲ.ቲ. ትንኟ ስለ ለመደችው ከ2009 ገደማ ጀምሮ በሌላ ኬሚካል ተተካ። ውሳኔው ተገቢ ነበር። ሆኖም አዲሱ ሲገባ አሮጌው በየመጋዘኑ ቀረ፤ 1,500 ቶን ወደ ፊንላንድ ተሸኝቶ ጥቂት ዓመት ሳይቈይ ለንብረት ቈጣሪው እንደ ገና የሚጽፈው ተገኘለት። አዲስ የሚረጭ ነገር የሚያዝ መሥሪያ ቤት በትእዛዙ ወረቀት ላይ የትርፉን መውጫ አብሮ ቢጽፍ፥ ገንዘቡንም አብሮ ቢመድብ ይህ ባልደረሰ ነበር። ወተቱም እስካሁን የሚጓዘው ወደ ፍራይቡርግ ነው። የሃምሳዎቹ እናቶች ስጦታ በበረዶ ታሽጎ ከአዲስ አበባ ይነሣል፤ መልሱ ከወራት በኋላ በወረቀት ይመጣል፤ ያን ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ልጆች ጡት መጣል ጀምረዋል።